መሐላው ይቅደም ወይስ ሐኪሙ?

ታላቅ፦ ልጄ፣ ሕክምና ሙያሽ ስለሆነ ሳላማክርሽ አላልፍም። የእህቴ ልጅ መጠጥ ሊያቆም ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባቱ ፊት ቆሞ ይምላል። ከዚያ እኔ ቤት ይገባና ሦስት ቀን በር ተዘግቶበት ይተኛል። ረቡዕ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል።

ታናሽ፦ ለማቆም መወሰኑ ደስ ይላል፣ ጋሼ። ለመሆኑ አጠጣጡ እንዴት ነው?

ታላቅ፦ በጠዋት ነው የሚጀምረው። አረቄ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ደንበኛ እሱ ነው። ቀን ድራፍት፣ ማታ ደግሞ ያገኘውን።

ታናሽ፦ የጠዋቷን መለኪያ ሲያነሳ እጁን አይተውት ያውቃሉ?

ታላቅ፦ አንድ ቀን አብሬው ተቀምጬ አይቻለሁ። መለኪያዋን አነሳለሁ ሲል እጁ እየተንቀጠቀጠ ደፋት። የተቀዳለትን ሌላ አላነሳውም፤ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ በከንፈሩ ሳበው። ጥቂት ቆይቶ እጁ ጸጥ አለ። ቀጣዩን እንደ ማንኛውም ሰው ብድግ አድርጎ ጠጣ። የምትቀዳው ሴትዮ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ለምዳዋለች።

ታናሽ፦ እንግዲያው በር አይዝጉበት። ያ መንቀጥቀጥ ሰውነቱ ያለ አልኮል መዋል እንዳቃተው የሚያሳይ ነው። አልኮል አእምሮን ያቀዘቅዛል፤ አእምሮ ደግሞ ሥራውን ላለማቆም ይበልጥ ይጣደፋል። ይህ ለዓመታት ከዘለቀ በኋላ መጠጡ በአንድ ቀን ሲቋረጥ የሚያቀዘቅዘው ይሄድና ጥድፊያው ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ትኩሳት ይነሳበታል፤ ልቡ ይፈጥናል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። እርስዎ በር የሚዘጉባቸው ሦስቱ ቀናት እነዚያው ናቸው።

ታላቅ፦ አታስፈራሪኝ። ስንቱ ሰው በመሐላ ብቻ አቁሟል! ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ጠብታ የማይቀምሱ ጠጪዎች በሰፈራችን ሞልተዋል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዘንድ በረመዳን የሚታረም ሰው አለ። ማን መድኃኒት ሰጣቸው?

ታናሽ፦ ማንም አልሰጣቸውም፤ ማቆማቸውም እውነት ነው። ግን በጾም ያለ ችግር የሚያቆም ሰው ሰውነቱ ገና በመጠጥ አልታሰረም ማለት ነው። ደግሞም ብቻውን አይደለም። ቤተሰቡ ይጾማል፣ ጎረቤቱ ይጾማል፣ ጠጣ ብሎ የሚጎተጉተው የለም። ፋሲካ ሲገባ ግን ብዙዎቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። የእህትዎ ልጅ ባለፈው ሁዳዴ ሞክሮ ነበር?

ታላቅ፦ ቅበላ ላይ ምሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን አመመኝ ብሎ ወጣና ጠጥቶ ገባ።

ታናሽ፦ ምናልባት አሞት ነበር።

ታላቅ፦ እሺ፣ ይሁንልሽ። እነዚያን ቀናት ሐኪም ቤት ይተኛ። ሐኪም የሚያደርግለት ምንድን ነው?

ታናሽ፦ አእምሮውን ቀስ አድርጎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ዳያዜፓም ነው። መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ በሳምንት ገደማ ይቆማል። ከዚያ ጋር ቫይታሚን ቢ አንድ በመርፌ ይወጋል። ለዓመታት በምግብ ፈንታ በአረቄ የኖረ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል። ሳይተካለት ግሉኮስ ብቻ ቢሰቀልለት አእምሮው ሊጎዳና የማስታወስ ችሎታውን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ጉበቱም ይታያል። ይህን ቤት ውስጥ በር ዘግቶ የሚሠራ ሰው የለም።

ታላቅ፦ መጠጥን በኪኒን መተካት ሱስን በሱስ መለወጥ አይደለም?

ታናሽ፦ ዳያዜፓም ሱስ ያስይዛል፤ ስለዚህ ነው በሐኪም እጅ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚሰጠው። ከዚያ በኋላ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱት ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ግን ሱስ አያስይዙም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለቱንም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። እርግጥ ዝርዝር ውስጥ መግባትና ወረዳ ፋርማሲ መድረስ ይለያያሉ፤ ሐኪሙ ያለውንና ለጉበቱ የሚስማማውን ይመርጣል።

ታላቅ፦ ሳምንቱ አለፈ እንበል። መንቀጥቀጡ ቀረ፤ መብላት ጀመረ። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ሐኪም ምን ይሠራል? ከዚያ በኋላ ያለው የራሱ ወኔ ነው።

ታናሽ፦ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለምን ይጠጣ ነበር የሚለው ነው። እሱ ምን ይላል?

ታላቅ፦ ሲከፋኝ ነው የምጠጣው ይላል። ሚስቱ በወሊድ ከሞተች ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ልጅቷ ተርፋለች፤ እናቱ ጋ ናት። ለቅሶው ላይ ወንድሞቹ እንዲተኛ ብለው አረቄ ሰጡት። አርባዋ ሳይወጣ ጠርሙሱን ራሱ መግዛት ጀመረ። እኔ ግን ሐዘኑ ነው መባሉን አልቀበልም። ሚስት የሞተችበት ሁሉ ሰካራም ሆኗል? ይልቅ መጠጡ ነው ልቡን ያጨለመው። መጠጡን ይተው፤ ሐዘኑ ይለቀዋል።

ታናሽ፦ ከእኔ ይልቅ የእርስዎን አባባል የሚደግፍ ጥናት ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የታተመ ነው። በአልኮል ሱስ ሆስፒታል የገቡ 191 ወንዶች ተመረመሩ። እንደገቡ 42 ከመቶ የሚሆኑት ከባድ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። ሳይጠጡ አራት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ምልክቱ ያልለቀቃቸው 6 ከመቶ ብቻ ናቸው።

ታላቅ፦ አየሽ! ራስሽ መለስሽው። አራት ሳምንት በሩን ጠብቄ ባውለው ያለ አንድ ኪኒን ይድናል።

ታናሽ፦ ብዙዎቹ ያገግማሉ፤ አልክድም። ስለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም መጠጡ ከሰውነቱ ሳይወጣ ድባቴ አለብህ ብሎ ለመፍረድ የማይቸኩለው። ግን እነዚያ ሰዎች አራቱን ሳምንት ያሳለፉት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ውጭ ያለ ሰው ግን በእነዚያው አራት ሳምንታት ውስጥ ሊያገረሽበት ይችላል፤ እንቅልፍ በሌለበት፣ ልብ በጨለመበት ጊዜ። ሁለተኛ፣ 6 ከመቶዎቹስ? ለእነሱ መጠጡ ቢቀርም ጨለማው አልቀረም። ከመጠጡ በፊት የነበረ ድባቴ ከሆነ ደግሞ መጠጡ ሲሄድ እሱ አብሮ አይሄድም። የእህትዎ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በር ዘግቶ ማወቅ አይቻልም።

ታላቅ፦ እንዴት ይታወቃል?

ታናሽ፦ በመጠየቅ። ከመጠጡ በፊት ከፍቶት ያውቅ ነበር? ሳይጠጣ በቆየባቸው ጊዜያት ልቡ ይፈካ ነበር ወይስ ይብስበት ነበር? በቤተሰቡ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? መጠጡ ከቆመ በኋላም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ፣ ቀኑን ሙሉ በሚባል ደረጃ ከከፋው፣ ድሮ የሚወደው ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፉ ከሸሸው፣ መብላት ከከበደው፣ ለማንም አልረባም ካለ፣ ያ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል። ሁለቱንም በአንድ ላይ ማከም እንደሚበጅ የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ነው። ሱስም ድባቴም ያለባቸው 170 ሰዎች ለ14 ሳምንታት ታከሙ። የድባቴውን ሰርትራሊንና የመጠጡን ናልትሬክሶን አብረው ከወሰዱት ውስጥ 54 ከመቶ ያህሉ ከመጠጥ ርቀው ቆዩ። አንዱን ብቻ ከወሰዱትና ምንም የሚሠራ መድኃኒት ካልወሰዱት የራቁት ከ21 እስከ 28 ከመቶ ናቸው።

ታላቅ፦ ኪኒኑ ሚስቱን ይመልስለታል?

ታናሽ፦ አይመልስም።

ታላቅ፦ እንግዲያው ምን ታክሚያለሽ? ይህ ሰው የታመመው በእውነት ነው። ሚስቱ ሞታለች። ቢከፋው ትክክል ነው፤ ባይከፋው ነበር የሚያስደነግጠው። አገሩን አስቢው፦ ጦርነት ልጁን የበላበት፣ ተፈናቅሎ መጠለያ የወደቀ፣ ተመርቆ ዓመታት ሥራ ያጣ። ለዚህ ሁሉ ሰው ድባቴ አለብህ ብለሽ ኪኒን ስትሰጪው በደሉን ወደ ጭንቅላቱ አስገብተሽ ቆለፍሽበት ማለት ነው።

ታናሽ፦ ይህ የምፈራው ጥያቄ ነው፤ ሥራ ያጣን ሰው በኪኒን መሸኘት ነውር ነው። ግን ሐዘንተኛ ሰው የሚያደርገውን ያስታውሱ፣ ጋሼ። ለቀስተኛው ሲገባ ያለቅሳል። ጉርሻ ሲሰጡት ይቀበላል። ስሟን ያነሳል፣ ፎቶዋን ያያል። ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ይቀልለዋል። የእህትዎ ልጅ ስሟን ያነሳል?

ታላቅ፦ አያነሳም። ልጅቷንም አያያትም። ትመስላታለች ይላል።

ታናሽ፦ እንግዲያው ገና አላዘነም። በየማታው አረቄው ሐዘኑን ለነገ ያሳድርለታል። ሕክምናው ሚስቱን እንዲረሳ አይደለም፤ ተቀምጦ እንዲያለቅስላት አቅም እንዲሰጠው ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ምክር አለ። በምክሩ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ በጣም ቀላል ነገር ነው፦ ለነገ አንድ የሚሠራ ነገር ጽፎ መያዝና ደስ ባይልም ማድረግ። ልጅቷን ትምህርት ቤት ማድረስ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ደስ ሲለኝ አደርጋለሁ ያሰኛል፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ካደረገ በኋላ ነው ደስ የሚለው።

ታላቅ፦ ልጅቷን ካነሳሽ አንድ ነገር ልበልሽ። ይህ ሰው የትምህርት ቤት ክፍያዋን ጠጥቶታል። እናቱን ገፍትሯታል። አንቺ በሽተኛ ነው ስትዪ እሱ ምን ይሰማል? ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የበሽታው ነው ይላል። መሐላ ቢያንስ ሰው ያደርገዋል፤ አጥፍቻለሁ ያሰኘዋል።

ታናሽ፦ መንቀጥቀጡና አምሮቱ በሽታ ናቸው። እናቱን መግፈተሩ ጥፋት ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። እናቱ ከፈራች ከእሱ ተለይታ ልትኖር ይገባል፤ እሱ እስኪድን ትቻለው የሚል ሕክምና የለም። በሽታ ነው ማለት ግን ግዴታውን ይጨምርበታል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ስላመመው አይወቀስም፤ መድኃኒቱን አልውጥም ብሎ ቤተሰቡን ቢያስጨንቅ ግን ይወቀሳል። የልጅቷን ክፍያ መመለስም የመዳኑ አካል ነው። መጠጥ ካቆሙ ሰዎች ማኅበራት ትልቁ በ12ቱ ደረጃዎቹ ውስጥ የበደሉትን ሰው ዘርዝሮ መካስን አስቀምጧል።

ታላቅ፦ የፈረንጆቹን ማለትሽ ነው?

ታናሽ፦ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ አክረን በምትባል ከተማ አንድ የአክሲዮን ነጋዴና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም ለማቆም ሞክረው ያልተሳካላቸው ጠጪዎች ነበሩ። እርስ በርስ እየተነጋገሩ አቆሙ። አልኮሊክስ አኖኒመስ የሚባለው የተጀመረው እንዲህ ነው። ክፍያ የለውም፣ የቤተሰብ ስም አይጠየቅም፣ ሐኪምም ቄስም አይመራውም።

ታላቅ፦ ይህ እኮ ማኅበር ነው! አንቺ አንድ ሰዓት ሙሉ ኪኒን ስትሰብኪኝ ቆይተሽ መጨረሻ ላይ ወደ ማኅበር መጣሽ። እኔ የምልሽ ይኼንኑ ነው። ሐኪምሽ ሦስት ሳምንት አክሞ ይሸኘዋል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ የግሮሰሪው መብራት ሲበራና ጓደኞቹ ከደጃፉ ሲጠሩት፣ ሐኪምሽ የት ነው? ያን ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ ሰው ከሌለ ሕክምናሽን ውኃ በላው።

ታናሽ፦ ለዚህ መልስ የለኝም፤ ትክክል ነዎት። ማስረጃውም ከእርስዎ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 27 ጥናቶችን፣ ከ10,500 በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ ወጥቶ ነበር። ሰዎችን ወደዚህ ማኅበር የሚያስገባ ሥርዓት ያለው ሕክምና፣ መጠጥን ፈጽሞ በማስቆም ከሌሎቹ የታወቁ የምክር ሕክምናዎች በልጦ ተገኝቷል። በአንደኛው ዓመት ማብቂያ ሳይጠጡ የቆዩት 42 ከመቶ ሲሆኑ በሌሎቹ 35 ከመቶ ናቸው። እኔም የማየው ይኼው ነው፦ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ባዶ ቤት የሚገባ ሰው አይቆይም።

ታላቅ፦ ታዲያ እኛ ማኅበር ከጥንት አለን። ጽዋ ማኅበር አለን፣ እድር አለን፣ ሰንበቴ አለን። እኔ ራሴ የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው ነኝ። ልጁን አስገባዋለሁ።

ታናሽ፦ በማኅበሩ ቀን ምን ይቀርባል?

ታላቅ፦ ዳቦና ጠላ።

ታናሽ፦ ሲቀርብለት አልጠጣም ቢልስ?

ታላቅ፦ ጽዋውን አልቀምስም ማለትማ ከባድ ነው። የባለ ማኅበሩን ቤት መናቅ ይመስላል። አንድ ጊዜ ቢቀምስ ግን ምን ይሆናል? ጠላ እኮ ነው።

ታናሽ፦ እንደ እሱ በሱስ ለተያዘ ሰው ጠላም አልኮል ነው፤ አንዱ ጽዋ ወደ ሁለተኛው ይወስደዋል። ደግሞም ሲጠጣ የነበረውን ሰው የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ጽዋ ብቻ አይደለም፤ አቅራቢው ነው። አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ እኔን አፈር ያስበላኝ፣ አንድ ብቻ። ይህ የእኛ ፍቅር ነው። ሰውዬው ግን የእናቱን ጓደኛ እምቢ ከማለት መጠጣት ይቀለዋል። ባህላችን እንዳይጠጣ የሚያግዘው ሁዳዴ ላይ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ይጎተጉተዋል።

ታላቅ፦ ለአንድ ሰው ብለን ሥርዓታችንን እንተው?

ታናሽ፦ አትተዉት። ከጠላው ጎን ያልፈላ ብርዝ ይቅረብ። ማንም ለምን ብርዝ መረጥክ ብሎ አይጠይቀው። ሙሴ የሚሉትን ማኅበርተኛው ይሰማል አይደል?

ታላቅ፦ ይሰማል። ግን አንቺ ያላሰብሽው ሌላ ነገር አለ፦ ሐሜቱ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ገባ ከተባለ አበቃለት። ሥራ የሚሰጠው የለም፣ ልጅቷም ስታድግ የእብድ ልጅ ትባላለች። ጸበል ቢሄድ ግን እግዜር ይማረው ይሉታል። ሰው የሚያፍርበትን ቦታ ሳይሆን የሚከበርበትን ቦታ ነው መምረጥ ያለብኝ።

ታናሽ፦ ይህ ሐሜት ስንቱን ቤት እንዳስቀመጠ ልንገርዎት። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ከወንዶቹ 25.8 ከመቶ፣ ከሴቶቹ 2.4 ከመቶ አጠጣጣቸው ለችግር የሚዳርግ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ ከጠናባቸው ከመቶው 87ቱ ሕክምና ፈልገው አያውቁም። ከእነዚሁ ውስጥ 70 ከመቶ ያህሉ በራሳቸው እጅግ ያፍራሉ።

ታላቅ፦ ይህ የሚያሳየው ማፈራቸውን ብቻ ነው? የገጠር ሰው የአእምሮ ሐኪም የት ያገኛል? ሐኪሞቻችሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው የሶዶን ገበሬ ለምን አልመጣህም ይሉታል።

ታናሽ፦ እውነት አለዎት፤ ማፈርም መራቅም ነው። ስለዚህ ነው በዚያው በሶዶ፣ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድባቴንና የመጠጥ ችግርን እንዲያክሙ ሲሠለጥኑ የቆዩት። የእህትዎ ልጅ ግን ገጠር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል አለ፣ ጳውሎስ አለ፣ የካ ኮተቤ አለ። ጠቅላላ ሆስፒታል ገብቶ ሐኪም ማየትን ማንም እብደት አይለውም። ጸበሉንም ይጠጣ፤ ግን መድኃኒቱን እንዳይተው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ይውሰዱ ብለው በአደባባይ ሲናገሩ ሰምተው ነበር አይደል?

ታላቅ፦ ሰምቻለሁ። መልካም ብለዋል። እንግዲህ የመጨረሻውንና የከበደኝን ልንገርሽ። ሁሉን አደረግን እንበል፦ ሐኪሙን፣ ኪኒኑን፣ ማኅበሩን። ደግሞም አገረሸበት። አንቺ ታጋሽ ነሽ፣ ይመለስ ትያለሽ። እኔ ግን መውደቅ የተፈቀደለት ሰው ይወድቃል እላለሁ። መሐላ የሚይዘው ስለሚያስፈራ ነው። ፍርሃቱን ካወጣሽለት ምን ይይዘዋል?

ታናሽ፦ እኔ ደግሞ መሐላውን የምፈራው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ጋሼ። ለአንዳንዱ ሰው መሐላ ይሠራል፤ አይቻለሁ። ግን መሐላ ያፈረሰ ሰው የት ይሄዳል? ንስሐ አባቱን ይሸሻል፤ ከቅዳሴ ይቀራል፤ እርስዎን ሲያይ መንገድ ይለውጣል። የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ይቀርለታል፤ እሱም አረቄ ቤቱ ነው። ድባቴ ላለበት ሰው ደግሞ የፈረሰ መሐላ አልረባም ለሚለው ሐሳብ ማስረጃ ይሆንለታል። ባለፈው ሁዳዴ ከወደቀ በኋላ ከማን ጋር ቁጭ ብሎ አወራ?

ታላቅ፦ ከማንም። ለሁለት ወር አላየሁትም።

ታናሽ፦ ብሞት ይሻለኛል ብሎ ያውቃል?

ታላቅ፦ ሲሰክር ይላል። ሰካራም ያለውን ማን ይሰማል?

ታናሽ፦ ይስሙት፣ ጋሼ፤ ከዛሬ ጀምሮ። ድባቴና መጠጥ ሲገናኙ አደጋው ይበዛል፤ ሰክሮ የተናገረውን ሰክሮ ሊያደርገው ይችላል። ሳይጠጣ ባለበት ሰዓት ብቻውን አድርገው በግልጽ ይጠይቁት፦ ራስህን ለመጉዳት ታስባለህ? መጠየቅ ያላሰበውን አያሳስብም፤ የተሸከመውን እንዲያወርድ ያደርገዋል። አስባለሁ ካለ ብቻውን አይተዉት። ቤት ውስጥ ፀረ ተባይም ሆነ ሌላ መርዝ ካለ ያውጡ። በዚያው ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ታላቅ፦ እጠይቀዋለሁ። ግን ከመሐላ ነፃ ልታደርጊው ብትፈልጊ አልስማማም። ሰው ከእግዚአብሔርና ከሰው ፊት ቆሞ የሚናገረው ቃል ያስፈልገዋል። ኪኒን ለምን እንደምትኖር አይነግርህም።

ታናሽ፦ አይነግርም። መሐላው ይቅር አላልኩም፤ ይዘግይ ነው የምለው። ሰውነቱ ሳይንቀጠቀጥ፣ ጭንቅላቱ ሳይጨልም፣ ራሱ አስቦበት ይማል። ሲምልም ከእንግዲህ አልነካም ብቻ አይበል፤ ብወድቅ በዚያው ቀን መጥቼ እነግራችኋለሁ ይበል። እናንተም በፊቱ ማሉ፦ ቢወድቅ አናባርረውም፣ ሲድን ደግሞ አንጎተጉተውም ብላችሁ።

ታላቅ፦ እኛ እንድንምል?

ታናሽ፦ እናንተም። እሱ ብቻውን ምሎ ሁላችሁ ጠላ ብታቀርቡለት መሐላውን ያፈረሰው ማን ነው?

ታላቅ፦ አሁንም ፍርሃት የሌለበት መሐላ ይይዘዋል ብዬ አላምንም። በዚህ አልተስማማንም። ግን በሩን አልዘጋም። እሑድም አይምልም። ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ። እስከዚያ ድረስስ? ጠርሙሱን ልንጠቀው?

ታናሽ፦ አይንጠቁት። ሐኪም እስኪያየው ድረስ በአንድ ጊዜ አያስቁሙት። ቢያንዘፈዝፈው፣ ቢቃዥ ወይም ቢያተኩሰው ነገን ሳይጠብቁ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ሲደርሱ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣና የመጨረሻዋን መለኪያ መቼ እንደጠጣ ሳይደብቁ ይንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ታላቅ፦ በማኅበሩም ቀን ብርዝ ይቀርባል። አፈር ስሆን የሚል ካለ እኔ እመልስለታለሁ።

ታናሽ፦ ይህን ንግግራችንን የሚያነብ ሰው ካለ ለእሱም ልንገረው። ቤትዎ ውስጥ በየቀኑ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ፣ እንደ ሰነፍ አይዩት፤ በአንድ ቀንም እንዲያቆም አያስገድዱት። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። መጠጡ ከቆመ በኋላም ልቡ እንደጨለመ ከቀረ ለሁለተኛ ጊዜ ይውሰዱት። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ አብረውት ይቀመጡ።